ለዓይን ያማረ ሁሉ ለሆድ አይስማማም

ቀለም በቦታው ሲውል ክብር ነው። የብራና ጸሐፍት ቃሉን በጥቁር፣ የአምላክንና የቅዱሳንን ስም በቀይ እየጻፉ፣ አባ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው መቶ ዓመት ባስፋፉት በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳምም ሆነ በሌላው አድባር ለትውልድ ያቆዩት መጻሕፍት ለዚህ ምስክር ናቸው። ዳሩ ግን በዚህ ዘመን ቀለም ከብራናው አልፎ ወደ ሕፃናት ሆድ ገብቷልና፣ ነገሩን መመርመር የሚገባ ሆኗል።

የሐይቅና የአምባሰል እናቶች ወጡን በበርበሬ ሲያቀሉ፣ አልጫውንም በእርድ ቢጫ ሲያደርጉ፣ ቀለሙ ራሱ ምግብ ነው። ሰው ሠራሹ ቀለም ግን ከዚህ የተለየ ነው። እንግሊዛዊው ዊሊያም ፐርኪን እ.ኤ.አ. በ1856 ከድንጋይ ከሰል ዝፍት የጨርቅ ማቅለሚያ ካገኘ ወዲህ፣ ጥበቡ እየሰፋ ሄዶ ወደ ምግብ ደረሰ፤ ዛሬ አብዛኛው የሚሠራው ከነዳጅ ዘይት ነው። በየገበያው በሚሸጠው ከረሜላና ባለቀለም መጠጥ ውስጥ የሚጨመረውም ዋጋው ርካሽ፣ መልኩም የማይደበዝዝ ስለሆነ ነው እንጂ ለሰውነት የሚሰጠው ኃይል ኖሮት አይደለም።

ታዲያ በሆድ ውስጥ ምን ይሠራል? ታርትራዚን፣ ሰንሴት የሎውና አሉራ ሬድ የሚባሉት ቀለሞች አብዛኛው እጃቸው ወደ ደም ሳይገባ ወደ ትልቁ አንጀት ይደርሳል፤ በዚያም የሚኖሩት ረቂቃን ተሕዋስያን ይሰባብሩታል። የካናዳ ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጡት ጥናት፣ ለ12 ሳምንት አሉራ ሬድ የተመገቡ አይጦች የአንጀታቸው መከላከያ ደክሞ፣ የአንጀት ቁስለት ሲነሣባቸውም ጠንቶባቸው ተገኝቷል።

በአይጥ የታየው ሁሉ በሰው ላይ ይደርሳል ብሎ መፍረድ ችኩልነት ነው፤ በሰው ላይ ገና አልተረጋገጠም። ነገር ግን ጥንቃቄ ከጉዳት በኋላ አይጀመርም። ለአሉራ ሬድ የተወሰነው የቀን መጠን ለ1 ኪሎ ግራም የሰውነት ክብደት 7 ሚሊ ግራም ነው። እንግዲህ 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 420 ሚሊ ግራም ሲፈቀድ፣ 15 ኪሎ ለሚመዝን ሕፃን የሚፈቀደው 105 ብቻ ነው፤ ከረሜላውን የሚያዘወትረው ግን ሕፃኑ ነው። የአውሮፓ ኅብረትም እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ፣ ከላይ የተጠሩትን ሦስቱን ጨምሮ 6 ቀለሞች ያሉበት ምግብ የሕፃናትን ጠባይና ትኩረት ሊያውክ እንደሚችል በመጠቅለያው ላይ እንዲጻፍ አዟል።

በአምባሰል ውጫሌ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የተፈረመው ውል፣ 17ኛው አንቀጽ በአማርኛ አንድ፣ በኢጣልያንኛ ሌላ ሆኖ በመጻፉ ያስከተለው መከራ የሚረሳ አይደለም። ገዢው በማያነበው ቋንቋ የተጻፈ መጠቅለያም እንዲሁ ያታልላል። ስለዚህ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 በወረቀት ብቻ እንዳይቀር፣ ሹማምንት ወደ ገበያ የሚገባውን ባለቀለም ምግብ ሊመረምሩና የቀለሙ ስም በአማርኛ ተጽፎ እንዲገኝ ሊተጉ፣ ካህናትም ወላጆችን ሊመክሩ ይገባል። ሕፃን መጠቅለያ አያነብም፤ የሚያነብለት ወላጅና የሚቆጣጠርለት ሹም ያስፈልገዋል።