ግድቡ የማያጠፋው ጭስ

ኢትዮጵያ ኤሌክትሪኳን ከውሃ ስለምታመነጭ ኢንዱስትሪዋም ንጹሕ ነው የሚል ክርክር በየመድረኩ ይሰማል። ለጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ያስኬድ ይሆናል። ለሲሚንቶ ግን አያስኬድም።

ምክንያቱ ድንጋዩ ነው። የኖራ ድንጋይ ክሊንከር ለመሆን እቶን ውስጥ ሲቃጠል በውስጡ ያለውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለቃል፤ ከአንድ ቶን ንጹሕ ድንጋይ 440 ኪሎ ግራም ያህል። እቶኑን ወደ 1,450 ዲግሪ የሚያግለው የከሰል ጭስ ከዚህ በላይ ነው። ነገ ከሰሉ በሙሉ በኅዳሴ ግድብ መብራት ቢተካ እንኳ ከድንጋዩ የሚወጣው፣ ማለትም ከጠቅላላው ከግማሽ በላይ የሚሆነው፣ አይቀንስም። ለሚ ላይ በ2017 ዓ.ም የተመረቀው ፋብሪካ ደግሞ በቀን 150 ሺህ ኩንታል እንዲያመርት ነው የተተከለው።

ኖርዌይ መፍትሔ አላት። ብሬቪክ በሚገኘው ሲሚንቶ ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ2025 የተመረቀው መሣሪያ በዓመት 400 ሺህ ቶን፣ የልቀቱን ግማሽ ገደማ፣ እንዲይዝ ታስቦ የተሠራ ነው። ጋዙ በመርከብ ተጉዞ ከሰሜን ባሕር ወለል በታች ይቀበራል። አብዛኛውን ወጪ የቻለው በነዳጅ የበለጸገው መንግሥት ነው። ይህን ለሙገር መመኘት ቅንጦት ነው። (የባሕሩ ጉዳይ ለጊዜው ይቆይ።)

ኢትዮጵያ ያላት መንገድ ርካሽ ነው፦ ክሊንከሩን መቀነስ። ፑሚስ በስምጥ ሸለቆ ሞልቷል፤ ፒፒሲ የሚባለው ሲሚንቶም የሚሠራው ይህንኑ በመቀላቀል ነው። ከዚህም አልፎ ተስማሚ ሸክላ አፈር ወደ 800 ዲግሪ ተቃጥሎ ከኖራ ድንጋይ ዱቄት ጋር ሲደባለቅ የክሊንከሩን ግማሽ ይተካል፤ ልቀቱን እስከ 40 በመቶ ይቀንሳል። ሕንድና ጋና ገብተውበታል።

ችግሩ ያለው ሳይቱ ላይ ነው። ኮንትራክተሩ ለኮለንና ለሶሌታ ኦፒሲ ካልሆነ አይልም፤ ፒፒሲን ለልስን ይተወዋል። ሞኝነት አይደለም። ፑሚስ ያለበት ሲሚንቶ ቀስ ብሎ ነው የሚጠነክረው፤ ፎርሙ ቶሎ ከተፈታ፣ ውሃም በደንብ ካልጠጣ ጉድ ያፈላል። ጊዜ ደግሞ ገንዘብ ነው፤ የብር ዋጋ በየወሩ በሚወርድበት አገር ሥራውን ሁለት ሳምንት አቆይ ማለት ቀልድ አይደለም። ሲሚንቶ ጠፍቶ በደላላ በእጥፍ የገዛ ቤት ሠሪም ስለ አየር ንብረት ቢነግሩት አይሰማም።

ስለዚህ ኪሳራውን መጀመሪያ መሸከም ያለበት መንግሥት ነው። የአገሪቱ ትልቁ ገንቢ እሱ ነው። የጨረታ ሰነዱ «ኦፒሲ» ብሎ የምርት ዓይነት ከሚጠራ የሚፈለገውን ጥንካሬ ይጻፍ፤ ለማድረቂያ የሚያስፈልገውን ተጨማሪ ቀንም በውሉ ይክፈል። ችግኝ መትከል ካሜራ ይስባል፤ ይህ አይስብም። አዲስ አበባ እ.ኤ.አ. በ2027 የአየር ንብረት ጉባኤውን ኮፕ 32ን ታስተናግዳለች። ለጉባኤው ተብሎ የሚገነባ ነገር ካለ የመጀመሪያው ጨረታ እሱ ይሁን።