ከማይኩ በፊት ብርድ ልብሱ

ክሊፑ የተቀረጸው እንጦጦ ላይ ነው። ባሕር ዛፉ ይወዛወዛል፣ ድምፃዊው ከተማዋን ቁልቁል እያየ ያዜማል። ዓይን ጫካ ውስጥ ነው፣ ጆሮ ግን መታጠቢያ ቤት። ድምፁ ከግድግዳ ግድግዳ ይላተማል፣ «ሰ» እና «ሸ» እንደ መርፌ ይወጋሉ፣ ከኋላ ራቅ ብሎ ውሻ ይጮኻል። ከየካ ሰፈሮች የሚወጣ የጀማሪ ሥራ፣ ዘፈንም ይሁን መዝሙር፣ ብዙው እንዲህ ነው። አስተያየት መስጫው ላይ ደግሞ ፍርዱ አጭር ነው፦ «ልጁ ድምፅ የለውም»።

ድምፅማ አለው። የሌለው ክፍል ነው።

ኮተቤ ወይም ፈረንሳይ ለጋሲዮን ቤት ተከራይቶ የሚኖር ልጅ ዕቁብ ሲወጣለት መጀመሪያ የሚገዛው ኮንደንሰር ማይክ ነው። ዩቲዩብ ላይ ያሉት ሁሉ «ለድምፅ ኮንደንሰር» ይላሉና። ውሸታቸውን አይደለም። የኮንደንሰር ስስ ሽፋን ትንሿን የአየር ንዝረት ሳይቀር ይሰማል፤ ትንፋሹን፣ የጉሮሮውን እንጉርጉሮ ነቅሶ ያወጣል። ጣጣውም እሱ ነው፣ ሁሉን ይሰማል። መካሪዎቹ የሚቀዱት ግድግዳው በታከመ ጸጥ ያለ ክፍል ነው። የኛ ልጅ ክፍል የብሎኬት ግድግዳ፣ የሲሚንቶ ወለልና የቆርቆሮ ጣሪያ ነው። ክረምት ሲገባ ቆርቆሮው ራሱ ከበሮ ይሆናል። ጠዋት የድምፅ ማጉያ አለ፣ ቀን «መገናኛ! መገናኛ!» አለ፣ ማታ የጎረቤት ቴሌቪዥን። ማይኩ ይህን ሁሉ በታማኝነት ይቀዳል።

አማርኛም የራሱ ጠባይ አለው። «ጠ»፣ «ጨ»፣ «ቀ» ጉሮሮ ተዘግቶ ፍንዳታ የሚወጡ ናቸው። በባዶ ክፍል ውስጥ እያንዳንዱ ፍንዳታ ግድግዳ መትቶ ይመለሳል፣ ርካሽ ኮንደንሰር ደግሞ ቀጭኑን ድምፅ አጉልቶ ያባብሰዋል። የውጭዎቹ ግምገማዎች የሚሠሩት በእንግሊዝኛ ስለሆነ ይህን የሚነግር የለም።

ዋጋውንም እንይ። «ከ100 ዶላር በታች» የሚለው ዝርዝር እዚያ ለተማሪ የሚሆን ነው። ሐምሌ 2016 የምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ሲለቀቅ ዶላሩ ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር አለፈ። ቀረጥና የነጋዴው ትርፍ ሲጨመርበት ያ «ርካሽ» ማይክ የብዙ ሰው የወር ደመወዝ ነው። አንዴ ከተሳሳቱ ሁለተኛ ዕድል ሩቅ ነው።

ስለዚህ ዕቃ በዕቃ። በየኤሌክትሮኒክስ ሱቁ ከስፖንጅና ከሚታጠፍ ክንድ ጋር በካርቶን የሚሸጠው ቢኤም 800 ለስልክ ወሬ ይሆናል፣ ለዜማ ግን ብሩን መጣል ነው። ኦዲዮ ቴክኒካ ኤቲ 2020 እውነተኛ ማይክ ነው፣ ለዋጋው የሚታማ አይደለም፤ ግን 48 ቮልት ፋንተም ፓወር የሚሰጥ ኢንተርፌስ ይፈልጋል፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ጸጥታ ይፈልጋል። ሮድ ኤንቲ 1ኤ የሚወደሰው የራሱ ጫጫታ 5 ዴሲቤል ብቻ በመሆኑ ነው። ፍሪጁ እዚያው ክፍል ውስጥ እያጉረመረመ ለዚህ ጸጥታ መክፈል ምን ይሉታል?

ለየካው ክፍል የሚሻለው ብዙዎች «የመድረክ ነው» ብለው የሚንቁት ዳይናሚክ ማይክ ነው። ሹር ኤስኤም 58 እ.ኤ.አ. ከ1966 ጀምሮ ገበያ ላይ አለ። ፋንተም አይጠይቅም፣ ቢወድቅም አይሞትም። ጆሮው ደንደን ያለ ስለሆነ ከንፈርን አራት ጣት ያህል አስጠግቶ ሲዘፈንበት ድምፃዊው ከፊት ይቆማል፣ ክፍሉ ወደ ኋላ ይቀራል። ቤሪንገር ኤክስኤም 8500 ደግሞ ዋጋው የዚህ ሩብ ገደማ ነው፤ የድምፃቸው ልዩነት ግን ከዋጋቸው ልዩነት በጣም ያንሳል። ብር ላጠረው ሰው መልሱ እሱ ነው። 58 የሚገዛ ግን ይጠንቀቅ፣ አስመስሎ የተሠራው ብዙ ነው። ዋናው 298 ግራም ይመዝናል፤ እጅ ላይ ቅልል ካለ ሻጩን አመስግኖ መውጣት ነው።

ዳይናሚክ ለስቱዲዮ አይሆንም የሚል ካለ፣ እ.ኤ.አ. በ1982 የወጣው የማይክል ጃክሰን «ትሪለር» ድምፅ የተቀረጸው በሹር ኤስኤም 7 ነው፣ እሱም ዳይናሚክ። (የዛሬው ልጁ ኤስኤም 7ቢ ውድ ነው፣ በትንሽ ኢንተርፌስም ጉልበት ያንሰዋል። ይለፈን።) እኛም ጋ አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 አምሃ ሪከርድስን ሲጀምር ባንዱና ድምፃዊው አብረው እየተጫወቱ ነበር የሚቀረጹት። ዛሬም ሰው ያንን ይሰማል።

አንድ ነገር ግን ማመን ያስፈልጋል። በበገና በለሆሳስ ለሚዘምር ሰው ዳይናሚክ አይመችም፤ ድምፁን ለማጉላት መክፈቻው ሲጨመር ሽሽታው አብሮ ይመጣል። እንዲህ ያለው ወይ ስቱዲዮ በሰዓት ይከራይ፣ ወይ ኤቲ 2020 ገዝቶ ክፍሉን ከልቡ ያልብስ።

ማልበሱ ደግሞ የእንቁላል ትሪ መለጠፍ አይደለም፤ ያ ግድግዳውን ከማስቀየም በቀር ብዙም አይሠራም። ወፍራም ብርድ ልብስ ነው የሚሠራው፣ ቦታውም ብዙ ሰው እንደሚያስበው ከማይኩ ጀርባ ሳይሆን ከዘፋኙ ጀርባ ነው። ማይኩ የሚያየው ወደ ዘፋኙ ስለሆነ የሚሰማውም ከዚያ በኩል የሚመለሰውን ድምፅ ነው። ሁለት ብርድ ልብስ ከኋላ፣ ፍራሹ በጎን፣ ምንጣፍ ከእግር ሥር። ከውጭ የሚገባውን ግን ብርድ ልብስ አያቆመውም፣ እሱን የሚያቆመው ሰዓት ነው። ከሌሊቱ ስድስት እስከ ዘጠኝ ታክሲውም የለም፣ ማጉያውም አልተከፈተም። የእንጦጦ ጅብ ካልጮኸ በቀር።

ወደ ሱቅ ከመሄድ በፊት ክፍሉ መሃል ቆሞ አንዴ ጠንከር አድርጎ ማጨብጨብ ነው። ጭብጨባው «ጭው» ብሎ ከቆየ የዕቁቡ ብር አንድ ሳምንት ኪስ ውስጥ ይቆይ፤ በቅድሚያ ፍራሹ ይነሳና ግድግዳውን ይደገፍ፣ ከዚያ እንደገና ይጨብጨብ።