«ሙከራ ስለሆነች ነው» ለሚሉን ሳንቲም ሻጮች

ወዳጆቼ፣ የድሮ ተማሪዎቼ፣ ዛሬ ረዘም ያለ ነው የምጽፈው። ረዘመ ብላችሁ እንዳታልፉት፤ ቢያንስ ቤት ውስጥ አሮጌ ሳንቲም ያላችሁ አንብቡት።

ባለፈው ሳምንት አንድ የድሮ ተማሪዬ እዚህ ቡለን ቤቴ ድረስ መጣ። ቡናው እስኪፈላ እንኳን አልጠበቀም። ከኪሱ በመሐረብ የተጠቀለለች ነገር አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና «ቲቸር፣ ይቺ የምኒልክ የሙከራ ሳንቲም ናት። ፓሪስ ለናሙና ከተመቱት ዐሥር ውስጥ አንዷ ናት ብለውኛል። እስቲ ይዩልኝ» አለኝ። ዋጋዋ 18 ሺህ ብር ነው። ግማሹን፣ 9 ሺውን፣ ከሰሊጥ ሽያጭ ቀብድ ከፍሏል። ውጭ አገር ያለ ሰብሳቢ በግማሽ ሚሊዮን ይገዛታል ተብሎ በቴሌግራም ፎቶ ሁሉ ተልኮለታል።

አነሳኋት። ቀለል አለችኝ። «ለምን ቀለለች?» አልኩት። «ሙከራ ስለሆነች ነው ብለውኛል» አለ። ጠርዟ ላይ ዙሪያዋን የሚሄድ ስፌት የመሰለ መስመር አለ፤ በሁለት ቅርጽ መሐል ቀልጦ የፈሰሰ ብረት የሚተወው ዓይነት። «ይሄስ?» «ሙከራ ስለሆነች ነው።» ዓመተ ምሕረቱ በፈረንጅ ቁጥር «1887» ተብሎ ተጽፏል። የምኒልክ ብር ላይ ያለው ግን በግዕዝ ቁጥር ፲፰፻፹፯ ነው። «ይሄንንስ ምን አሉህ?» ልጁ ዝም አለ። መልሱን እኔ ራሴ ልናገረው እችል ነበር።

የዚህ ማጭበርበር ብልጠቱ እዚህ ላይ ነው። ተራ የሐሰት ሳንቲም የሚሸጥ ሰው ሳንቲሙን ከእውነተኛው ጋር ማመሳሰል አለበት። «የሙከራ» ብሎ የሚሸጥ ግን የማመሳሰል ግዴታ የለበትም። ክብደቱ ቢለይ፣ ብረቱ ቢለይ፣ ጽሑፉ ቢለይ፣ ጉድለቱ ሁሉ ማስረጃ ሆኖ ይቀርባል። በበዛ ቁጥር እንደውም ዋጋው ይጨምራል! እንዲህ ያለ ንግድ የት ይገኛል?

ነገሩ ከባዶ አልተፈጠረም። የሙከራ ሳንቲም የሚባል ነገር በእውነት አለ፣ በእውነትም ውድ ነው። ውሸቱ የሚሰራው እውነት ላይ ስለቆመ ነው። ስለዚህ እውነቱን እንነጋገር።

አንድ መንግሥት አዲስ ሳንቲም ሲያስብ ንድፉ መጀመሪያ በወረቀት ይሠራል። ወረቀት ላይ ያማረ ነገር ግን ብረት ላይ ላያምር ይችላል። ቀራጩ የንጉሡን አፍንጫ ከፍ አድርጎ ቀርጾት ከሆነ፣ ሳንቲሙ ሲደራረብ ይንገዳገዳል፣ አፍንጫውም ቶሎ ያልቃል። ብረቱ ጠንካራ ከሆነ የማተሚያው ብረት ይሰነጠቃል። ከአንዱ ገጽ ጥልቅ ከሆነው ምስል ትይዩ በሌላው ገጽ ያለው ፊደል በደንብ ላይወጣ ይችላል። ስለዚህ ጥቂት ፍሬዎች ብቻ ተመትተው ይታያሉ። አንዳንዴ በመዳብ፣ አንዳንዴ በቆርቆሮ፣ አንዳንዴ በአንድ በኩል ብቻ። ለንጉሡ ወይም ለሚኒስትሩ ይቀርባሉ፤ «ይሁን» ወይም «አይሁን» ይባላሉ። ፈረንሳዮች በላያቸው «ኤሴ» የሚል ቃል ይጽፋሉ፣ ጣሊያኖች «ፕሮቫ»፣ ጀርመኖች «ፕሮቤ»። ሁሉም ሙከራ ማለት ነው። ሩቅ ሳንሄድ፣ ጅቡቲ የፈረንሳይ ሶማሌ በነበረችበት ጊዜ እ.ኤ.አ. በ1948 ለወጡት የ1፣ የ2 እና የ5 ፍራንክ ሳንቲሞች «ኤሴ» የተጻፈባቸው ናሙናዎች አሏቸው፤ ዛሬም በጨረታ ይሸጣሉ።

ታዲያ ሰብሳቢዎች ለምን ያብዳሉ? «ፈረንጅ ገንዘብ ስለተረፈው ነው» የሚሉ ሰዎች አሉ፤ እኔ በዚህ አልስማማም። እናንተን ሳስተምር ደብተራችሁ ላይ መልሱን ብቻ አልነበረም የማየው። ስርዝ ድልዙን ነበር የማየው። አንድ ልጅ እንዴት እንደሚያስብ የሚነግረኝ የሰረዘው መስመር ነው። የሙከራ ሳንቲም የአንድ መንግሥት ስርዝ ድልዝ ነው። መሆን ይችል የነበረውና ያልሆነው ነገር እሱ ላይ ታትሞ ይቀራል።

ምሳሌ ልስጥ። የእንግሊዙ ኤድዋርድ ስምንተኛ ሳንቲሙ ተዘጋጅቶ፣ ሙከራው ተመትቶ፣ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1936 ዙፋኑን ጥሎ ወጣ። በእነሱ ወግ እያንዳንዱ ንጉሥ ሳንቲም ላይ ከቀዳሚው በተቃራኒ አቅጣጫ ነው የሚያየው፤ እሱ ግን በግራ በኩል ያለው መልኬ ይሻለኛል ብሎ ወጉን አስለወጠ። ሳንቲሙ ገበያ አልወጣም። ከሙከራዎቹ አንዷ የወርቅ ሶቨሪን እ.ኤ.አ. በ2020 በ1 ሚሊዮን ፓውንድ ተሸጠች። የሩሲያው ቆንስጣንጢን ደግሞ አለ። እ.ኤ.አ. በ1825 ወንድሙ ሲሞት ዙፋኑን ይወርሳል ተብሎ በስሙ ሩብል ተሞከረ። ሰውዬው ግን አስቀድሞ ዙፋኑን ትቶት ኖሯል! ጥቂት ፍሬዎች ብቻ ቀሩ። እነዚህን የሚገዛ ሰው ብር እየገዛ አይደለም። ያልተጻፈ ታሪክ ነው የሚገዛው።

አሁን ወደ ልጁ ሳንቲም ልመለስ። እስካሁን ካልኩት አንድ ነገር ያዙልኝ፦ እውነተኛ የሙከራ ሳንቲም ገበያ አልገባም። ከማምረቻው ወደ ሹም እጅ፣ ከሹም እጅ ወደ መሳቢያ ወይም ወደ ሙዚየም ነው የሚሄደው። ከቀራጩ ወራሾች ወይም ከሹሙ ቤት ወጥቶ ጨረታ ላይ ይገኛል፤ ሲገኝም ከማን ወደ ማን እንዳለፈ የሚናገር ወረቀት ይዞ ነው። ማንም ሰው «አያቴ ቆርቆሮ ውስጥ አገኘሁት፣ ሙከራ ነው» ቢላችሁ፣ ተለብሶ እንዳለቀ ጫማ የተፋቀ ሳንቲም ይዞ ቢመጣ፣ ሙከራ አይደለም። ሳንቲም የሚፋቀው በእጅ ሲዘዋወር ነው። ሚሊዮን ተመትቶ ገበያውን ያጥለቀለቀው የ1969ኙ 50 ሳንቲምማ «በመቶ ሺህ ይገዛል» እየተባለ መለጠፉ ለእኔ ስድብ ነው።

እዚህ ላይ ልጁን «ስግብግብ ነው»፣ «የዋህ ገበሬ ነው» ብላችሁ የምትስቁ ካላችሁ ሳቃችሁን ያዙልኝ። በዚህ ክልል ሰው ወንዝ ዳር ቁጭ ብሎ አሸዋ ያጥባል፣ ከጭቃ ውስጥ ወርቅ ያወጣል። በኩርሙክ፣ በመንጌ፣ በአሶሳ ዙሪያ ይሄ የዘመናት ሥራ ነው። የአሶሳው ሼክ ሆጀሌ ለምኒልክ ግብር የከፈሉት በወርቅ ነው። ትንሽ ነገር ትልቅ ዋጋ ሊኖራት እንደሚችል የሚያውቅ ሕዝብ «ይቺ ሳንቲም ውድ ናት» ሲባል ቢያምን ሞኝ አይደለም። ወርቅ ግን ሚዛን አለው፣ የሚያውቀው ሰው አለው። ልጁ ሳንቲሟን ወርቅ ገዢዎቹ ጋ ወስዶ ሚዛን ላይ ቢያስቀምጣት ኖሮ በአንድ ደቂቃ ይገላገል ነበር። የምኒልክ ብር 28 ግራም ነው፣ ማግኔት አይስበውም። አላስቀመጣትም። ለምን? «ሙከራ ስለሆነች» ሚዛኑ አይሠራም ተብሏላ!

አሁን ዋናው ንዴቴ። አጭበርባሪው አጭበርባሪ ነው፤ እሱን ፖሊስ ይጠይቀው። እኔ የምጠይቀው ግን ሌላ ነው፦ ይሄ ልጅ የገዛ አገሩን እውነተኛ የሙከራ ሳንቲም አይቶ ያውቃል? እናንተስ አይታችኋል? የሚያወዳድርበት ነገር ሳይኖረው በምን ይለየው?

የምኒልክ ብር ፓሪስ ነው የተመታው፤ ቀራጩ ዣን ላግራንዥ ነበር። የኃይለ ሥላሴ የ1936ቱ ሳንቲሞች አሜሪካ፣ ፊላደልፊያ። የደርግ የ1969ኙን ንድፍ የሠራው አውስትራሊያዊ ተወላጁ ስቱዋርት ዴቭሊን ነው። በውጭ መመታቱን አልቃወምም፤ ማሽን የሚጠይቅ ሥራ ነው። ግን ስርዝ ድልዛችንም እዚያው ቀረ። የመጀመሪያዎቹ የምኒልክ ብሮች ላይ አንበሳው የሚያነሳው ግራ እግሩን ነው፤ በኋላ በወጡት ላይ ቀኙን። ማን ወሰነ? ስንት ንድፍ ቀርቦ ስንቱ ተጣለ? አንድ የቡለን ተማሪ ይሄን ቢጠይቀኝ የማሳየው ነገር አጠገቤ የለም።

ነገሩ የታሪክ ናፍቆት ብቻ ቢሆን ይሄን ያህል ባልጮህኩ ነበር። ሕዝብ ሳያየው የጸደቀ ገንዘብ ምን እንደሚሆን አይተናል። የ1936ቱን 25 ሳንቲም ውሰዱ። ክብ መዳብ ነበር፤ 50 ሳንቲሙ ደግሞ የብር። ሁለቱ በስፋት አንድ ለመሆን ምንም አልቀራቸውም። ታዲያ ብልጡ 25ቱን ብር እየቀባ በ50 ያሳልፈው ጀመር። በመጨረሻ ጠርዙ እንደ አበባ ተቆርጦ እንዲወጣ ተደረገ፤ የተመታው ክቡ ሳይቀር እየተሰበሰበ ጠርዙ ተቆራረጠ። ያን 25 ሳንቲም ቀድመው ለአንዲት ጉሊት ቸርቻሪ ቢያሳዩአት ኖሮ ግማሽ ቀን አይፈጅባትም ነበር። «ልጄ፣ ይሄ እኮ ከሃምሳው ጋር ይምታታል» ትላቸው ነበር። በቃ።

የኛ ገበያ ቀላል ፈታኝ አልነበረም። ማርያ ቴሬዛን የለመደ ሰው ደረቷ ላይ ያለውን ጌጥ ዕንቁ እየቆጠረ ነበር የሚቀበለው። የምኒልክ ብር በክብደትም በብር ይዘትም ከእሷ ጋር ምንም ያህል አይለያይም፤ ምኒልክም ንጉሠ ነገሥት ናቸው፤ ገበያው ግን ዓመታት ሙሉ «እሷን አምጣ» ይል ነበር። ጣሊያኖች ለኤርትራ እ.ኤ.አ. በ1918 እሷን የምትመስል ሴት ያለችበት «ታለሮ» መቱ። ሰዉ ሴትዮዋን አላውቃትም አለ፣ አልተቀበለም። እነሱ ሮም ላይ ቁጭ ብለው የሞከሩትን ነጋዴው በአንድ እይታ ጣለው። እ.ኤ.አ. በ1935 ጣሊያን ማተሚያውን ከቪየና ወስዳ ማርያ ቴሬዛን ራሷን መምታት የጀመረችው ለዚህ ነው።

እኛስ? መስከረም 4 ቀን 2013 ዓ.ም. አዲሶቹን የብር ኖቶች መጀመሪያ ያየናቸው በቴሌቪዥን ነው፤ ቴሌቪዥን ያለው ማለቴ ነው። ኖት መቀየር በምስጢር መሆኑ ይገባኛል፤ አስቀድሞ ቢነገር ገንዘብ የሸሸገው ይሸሻል። መተከል በዚያ መኸር እንዴት እንደነበረች የምታውቁ ታውቃላችሁ፤ ባንክ ድረስ ወጥቶ መመለስ ራሱ ምን ማለት እንደነበር አልነግራችሁም። ሳንቲም ግን እንደዚያ ዓይነት ምስጢር አያስፈልገውም። በ2002 ዓ.ም. የወጣው ባለ ሁለት ቀለሙ የ1 ብር ሳንቲም ላይ አንበሳው አለ፣ ሚዛኑ አለ፤ ያምራል አላልኩም፣ አያምርም አላልኩም። ማን ጠየቀን ነው የምለው። ማየት የተሳናቸው ሰዎች በጣታቸው ሞከሩት? የዳጉሳ ነጋዴ እጁ ውስጥ አገላበጠው?

(ዝርዝር ሳንቲም ጠፍቶ መልስ በማስቲካና በከረሜላ የምንቀበልበት ዘመን ላይ ስለ ሳንቲም ንድፍ መጻፌ የሚያስቃችሁ ካላችሁ፣ እሺ፣ ሳቁ። እሱ ራሱን የቻለ ጽሑፍ ነው።)

የምለው ቀላል ነው። ወደፊት ሳንቲም የሚያስመታ መሥሪያ ቤት ውሉ ላይ አንድ መስመር ያስገባ፤ የሙከራዎቹ ፍሬ፣ የተጣሉት ሳይቀሩ፣ ወደ አገር ይመለሱ። አዲስ አበባ በመስተዋት ውስጥ ይቀመጡ፤ ፎቷቸው በነጻ ይለቀቅ፣ ትምህርት ቤት ይድረስ። ከመጽደቁ በፊት ደግሞ ናሙናው አምስት ስድስት ገበያ ይዙር፤ አንዱ ቡለን ይሁን። «ቢጠፋስ?» የሚል አይጠፋም። ይጥፋ። አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. በ1974 የአሉሚኒየም ሳንቲም ሞክረው ለምክር ቤት አባላት ናሙና ሰጡ፤ መልሱ ሲባሉ የተወሰኑት ሳይመለሱ ቀሩ። አገሩ አልፈረሰም።

እስከዚያ ድረስ «የሙከራ ነው» የተባላችሁትን ማንኛውንም ነገር ከመክፈላችሁ በፊት የፊቱንም የኋላውንም የጠርዙንም ፎቶ በውስጥ መስመር ላኩልኝ። በነጻ ነው የማየው። ሻጩ «ለሌላ ሰው እንዳታሳይ» ካላችሁ ደግሞ ፎቶም አያስፈልገኝም።

የልጁ ነገር፦ ሁለተኛውን 9 ሺህ አልከፈለም። የመጀመሪያው ሄዷል፤ የሰውዬው ስልክ ከማግስቱ ጀምሮ አይሠራም፤ ቴሌግራሙም ጠፍቷል። ፖሊስ ጋ አብረን ሄደን አስመዝግበናል። ሳንቲሟን ኮፒ አድርገውባት መልሰው ሰጡን፤ አሁን እኔ ቤት መጽሐፍ መደርደሪያው ላይ ናት፤ ማየት የሚፈልግ ይምጣ፣ ማግኔትም ሚዛንም አለኝ።