ባለቤቴ ፊልም ሊሠራ ነው



ባለፈው ወር ከእሑድ አምልኮ በኋላ አንዲት እህት በር ላይ ጠብቃ ያዘችኝ። ልጇን አዝላለች። ሰላምታውን ሳንጨርስ፣ “ባለቤቴ ፊልም እሠራለሁ ብሎ የቤታችንን ካርታ ባንክ ሊያስይዝ ነው። እርስዎን ይሰማል፣ ይምከሩልኝ” አለችኝ። ስክሪፕቱን ጽፎ ከጨረሰ ሁለት ዓመት ሆኖታል። የሚያውቃቸውን ባለ ገንዘቦች ሁሉ ደጅ ጠንቷል፤ ሁሉም “እናስብበት” ብለው ሸኝተውታል። ስክሪፕቱን አንብባው እንደሆነ ጠየቅኋት። “አሳየኝ አላልኩትም፣ እሱም አላሳየኝም” አለች።

ምን እንዳልኳት ቆይቼ እነግራችኋለሁ። መጀመሪያ ስለ ሌላ ባልና ሚስት ላውራችሁ።

ፕሮፌሰር ኃይሌ ገሪማን ብዙዎቻችሁ በስም ታውቋቸዋላችሁ። የጎንደር ልጅ ናቸው፤ አባታቸው ገሪማ ታፈረም ደራሲና የቲያትር ሰው ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1967 ወደ አሜሪካ ሄደው ቲያትር፣ ቀጥሎም በካሊፎርኒያ ፊልም ተማሩ። ከ1975 ጀምሮ ደግሞ በዋሽንግተን ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ለረጅም ዓመታት አስተማሩ። ባለቤታቸው ሺሪኪያና አይና ራሷ የፊልም ባለሙያ ናት። ይህን ልብ በሉልኝ፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

“ሳንኮፋ” የተሰኘው ፊልማቸው በጋና ጠረፍ ካለ የባሪያ ንግድ ምሽግ ይጀምራል። ለፎቶግራፍ የመጣች የዘመኑ ሴት ምሽጉ ውስጥ ገብታ ራሷን በባርነት ዘመን፣ በሸንኮራ እርሻ ላይ ታገኘዋለች። ይህን ታሪክ ለመሥራት ገንዘብ ማሰባሰቡ ብቻ ዘጠኝ ዓመት ገደማ ፈጀ። የአሜሪካ ትልልቅ የፊልም ድርጅቶች እንዲህ ላለ ታሪክ ኪሳቸውን አይከፍቱም ነበር። ስለዚህ ጥቂት ከጋና፣ ጥቂት ከቡርኪና ፋሶ፣ ጥቂት ከጀርመን እየተለቃቀመ ተሠራ። ዘጠኝ ዓመት ስትሉ፣ ፊልሙ ሲታሰብ የተወለደ ልጅ ሦስተኛ ክፍል ደርሷል ማለት ነው። የቤት ኪራይ፣ የልጅ ቀለብ፣ የትምህርት ቤት ክፍያ ግን ፊልሙ እስኪያልቅ አይጠብቅም።

በ1993 “ሳንኮፋ” በበርሊን የፊልም ፌስቲቫል ለውድድር ቀረበ። እዚያ መድረስ ትልቅ ነገር ነው። ሰዉ ሁሉ ከዚህ በኋላ ነገሩ ቀላል ይሆናል ብሎ ያስባል፤ እኔም አስብ ነበር። አሜሪካ ውስጥ ግን ፊልሙን ወስዶ በሲኒማ ቤቶች የሚያሳይ አንድም አከፋፋይ ድርጅት አልተገኘም።

ይህችን መጽሔት ከቤተ ክርስቲያን በር ላይ የገዛችሁ ሁሉ፣ ሥርጭት ምን እንደሆነ ለእናንተ ማስረዳት አያስፈልገኝም። ማተሚያ ቤት የገባ ጽሑፍ ሁሉ አንባቢ እጅ አይደርስም። አንዱ ወንድም በካርቶን ተሸክሞ፣ ታክሲ ተሳፍሮ፣ በየአጥቢያው ካላዞረው መጋዘን ውስጥ አቧራ ይጠጣል። ፊልምም እንደዚያው ነው። ያውም በዚያ ዘመን አንዱ ቅጂ በትልልቅ ጥቅል የሚታሰር ከባድ ዕቃ ነበር፤ በሁለት ከተማ በአንድ ጊዜ ለማሳየት ሁለት ቅጂ ማሳተም የግድ ነው፣ ሁለቱም ገንዘብ ነው። ማስታወቂያው ሌላ ወጪ ነው። አከፋፋይ ድርጅት የሚባለው ይህን ሁሉ አስቀድሞ የሚከፍል ነው።

ታዲያ ባልና ሚስቱ ምን አደረጉ? ሲኒማ ቤት ተከራዩ። አሠራሩ ይህ ነው፤ ለአዳራሹ ባለቤት ቁርጥ ኪራይ ትከፍላላችሁ፣ የትኬቱ ገንዘብ የእናንተ ነው። ሰው ከመጣ ተረፋችሁ፣ ካልመጣ ኪራዩ በጫንቃችሁ ቀረ። ከሚኖሩበት ከዋሽንግተን ጀመሩ። በየከተማው የጥቁር ማኅበረሰብ ቡድኖች ወሬውን አዛመቱ፣ ትኬት ሸጡ፣ ሰው ሰበሰቡ። ሰልፉ ረዘመ። ፊልሙ በዋሽንግተን ለሳምንታት ቆየ፣ ከዚያም ከ30 በላይ ከተሞችን አዳረሰ። በ1990ዎቹ መጨረሻ ደግሞ ከሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ፊት ለፊት፣ ጆርጂያ ጎዳና ላይ፣ በፊልሙ ስም የመጻሕፍትና የቪዲዮ መደብር ከፈቱ፤ ከጊዜ በኋላ ቡናና ሳንድዊችም ተጨመረበት።

በዚህ ሁሉ ውስጥ ሺሪኪያና “የእሱ ሥራ” ብላ ዳር አልቆመችም። በ“ሳንኮፋ” ላይ አብራ ፕሮዲውሰር ናት፤ የራሷንም ፊልሞች ሠርታለች። የእህታችን ጉዳይ ሲነሳ መጀመሪያ ትዝ ያሉኝ እነዚህ ባልና ሚስት የሆኑት በዚህ ምክንያት ነው።

አንድ ነገር ግን ልደብቃችሁ አልወድም። “ሳንኮፋ” ለእኛ ለክርስቲያኖች የሚመር ፊልም ነው። ጆ የሚባል ወጣት በእርሻው ቄስ ተጽዕኖ እናቱን እንደ ጠንቋይ እስከ መጥላት ይደርሳል፤ ፍጻሜውም ደም ነው። መጀመሪያ ሳየው ተቆጥቼ ነበር። ቆይቼ ሳስበው ግን፣ የመስቀል ምልክት አንጠልጥለው ሰው የሸጡ ሰዎች እንደነበሩ ታሪክ ራሱ ይመሰክራል። ፊልሙ አዲስ ነገር አላመጣብንም። ስታዩት ባልና ሚስት ሆናችሁ እዩት፣ ልጆች ግን ከተኙ በኋላ ይሁን።

ፕሮፌሰሩ ከዚያ ወዲህም አልተመቻቸውም። “ጤዛ” ከሐሳቡ እስከ ፍጻሜው ከአሥር ዓመት በላይ ወስዷል። በ2008 በቬኒስ ልዩ የዳኞች ሽልማትና የምርጥ ድርሰት ሽልማት አገኘ፤ በ2009 ደግሞ በዋጋዱጉ ፌስፓኮ ታላቁን ሽልማት ወሰደ። “ሳንኮፋ” እንደገና ጸድቶ በኔትፍሊክስ ለዓለም የቀረበው በ2021 ነው፤ ከበርሊን ከ28 ዓመት በኋላ።

አሁን ወደ እህታችን ልመለስ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ሁለቱንም ቤቴ ጠራኋቸው። ለባልየው፣ “ካርታውን ተወው። ቤቱ የብቻህ አይደለም፣ የልጅህም ጣሪያ ነው” አልኩት። ፊቱ ጠቆረ። ቀጥዬ፣ “ፊልሙ ካለቀ በኋላ የት ይታያል? ሲኒማ ቤቱ ከትኬቱ ስንት ይወስዳል? ማስታወቂያውን ማን ይከፍላል?” ብዬ ጠየቅሁት። ስለ ካሜራው፣ ስለ ተዋናዮቹና ስለ መብራቱ ግማሽ ሰዓት ሊነግረኝ ይችል ነበር። ለእነዚህ ግን መልስ አልነበረውም። ለእሷ ደግሞ፣ “አንቺም ያላነበብሽውን ነገር አትከልክይው” አልኳት። እሷም ፊቷን አጠቆረችብኝ። ሻዩ ቀዘቀዘ።

ትናንት በአገልግሎት መካከል ከኋላዬ መጥታ ተቀመጠች። ከቦርሳዋ የታጠፈ የስክሪፕት ጥራዝ አውጥታ በቀስታ አሳየችኝ። ጠርዙ ላይ በእርሳስ ብዙ ጽፋበታለች። “የሚስቲቱ ንግግር ልክ አይደለም፤ ሴት እንደዚህ አትናገርም። አስተካክል ብዬዋለሁ” አለችኝ። ካርታው የት እንዳለ ጠየቅኋት። “እናቴ ዘንድ” አለች።