ከፈተናው በፊት አንደኛ ክፍል አለ

ወገን፣ የ12ኛ ክፍል ውጤት በወጣ ቁጥር ምን እንደሚሆን ሁላችንም እናውቃለን። ቁጥሩ ይለጠፋል፣ ስድቡ ይወርዳል፣ በሳምንቱ ይረሳል። በ2014 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ነበሩ። በ2015 3.2፣ በ2016 5.4፣ በ2017 8.4። ገሚሱ «ትውልዱ ሰነፈ» ይላል፣ ገሚሱ «ፈተናው ከበደ» ይላል፣ ገሚሱ «ሆን ተብሎ ነው» ይላል። ክርክሩ ሁሉ ግን እዚያው 12ኛ ክፍል ላይ ተጀምሮ እዚያው ያልቃል።

እኛ የምንለው ሌላ ነው። ከእነዚያ ልጆች ብዙዎቹ የወደቁት 12ኛ ክፍል አይደለም። አንደኛና ሁለተኛ ክፍል ነው የወደቁት፤ ያየላቸው ሰው ግን አልነበረም።

በ2002 ዓ.ም. በተለያዩ የሀገራችን ቋንቋዎች የማንበብ ምዘና ተደርጎ ነበር። ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ሲሶ ያህሉ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። በእንግሊዝኛ እንዳይመስላችሁ፤ በሚማሩበት በራሳቸው ቋንቋ ነው። አሁን ቁጠሩት። በዚያ ዓመት ሁለተኛ ክፍል የነበረ ልጅ መንገድ ላይ ሁለት ዓመት ቢዘገይ የደረሰው በዚያ 3.3 በመቶ ባለፈበት ፈተና ላይ ነው። ታዲያ ፈተናው ምን አደረገ? የቆየውን አሳየን እንጂ።

ትልቅ ከሆናችሁ በኋላ አንደኛ ክፍል ገብታችሁ ታውቃላችሁ? ስልሳ ሰባ ልጅ፣ አንዲት መምህር፣ ግድግዳው ላይ የፊደል ገበታ። መምህሯ በዱላ ትጠቁማለች፣ ክፍሉ በአንድ ድምፅ ይጮኻል። ከውጭ ለሚሰማው ደስ ይላል። «ገብቷችኋል?» «አዎ ቲቸር!» በቃ፣ ታለፈ። በዚያ ጩኸት ውስጥ ግን ከፊሉ ልጅ ፊደሉን እያየ ነው፣ ከፊሉ ደግሞ መስኮቱን እያየ ዜማውን ይከተላል። ሀሁን እንደ መዝሙር ይዞታል። ከመሃል «ጡ»ን ነጥላችሁ ብታሳዩት ወይ ከ«ጠ» ተነስቶ ይቆጥራል፣ ወይ ዝም ይላል። ይህ ልጅ ሰነፍ አይደለም። ማንበብ መማሩን ለብቻው የጠየቀው ሰው ስላልነበረ ብቻ ሦስተኛ ክፍል ገባ፣ አራተኛ ገባ፣ ከዚያ በማያነበው መጽሐፍ ሳይንስ ተማር ተባለ።

የሚገርመው፣ ይህን ችግር አባቶቻችን ያውቁት ነበር፤ መፍትሔም አበጅተውለት ነበር። የኔታ ዘንድ ልጅ ሀሁን ከጨረሰ በኋላ ዳዊት አይሰጠውም። አቡጊዳ የሚባል አለ፦ አ ቡ ጊ ዳ ሄ ው ዞ። ፊደላቱ ያው ናቸው፣ ቅደም ተከተላቸው ግን ፈርሷል፤ አንዱ በግዕዝ፣ ሌላው በካዕብ፣ ሌላው በሣልስ ይመጣል። ዜማው አያድነውም፤ እያንዳንዷን ፊደል በመልኳ ማወቅ አለበት። ከዚያ በኋላ ነው ወደ መልእክተ ዮሐንስ፣ ከዚያም ወደ ዳዊት የሚሻገረው። ደግሞም የኔታ ብቻቸውን አያስተምሩም፤ ቀድሞ የገባው የኋለኛውን ከጎኑ አስቀምጦ ፊደል በፊደል እየጠቆመ ያስቆጥራል። አንድ ለአንድ ማለት ነው። ዛሬ ባለሙያዎች በወርክሾፕ የሚያሠለጥኑን ነገር ዛፍ ሥር ሲሠራበት ኖሯል።

የድሮውን ሁሉ እያሞገስን አይደለም። አለንጋውም ነበር፣ ሴት ልጅም አብዛኛውን ጊዜ ከዚያ ደጃፍ አትደርስም ነበር። ግን «ዘመናዊ» ስንል ገበታውን ወስደን አቡጊዳውን መጣላችን ያሳዝናል።

ሪፎርም አጥቶን ደግሞ አይደለም። በ1986 የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ መጣ። በ1997 ፕላዝማ መጣ፤ መምህሩ ከቴሌቪዥኑ አጠገብ ቆሞ ከተማሪው እኩል ተመልካች ሆነ። አንድ ለአምስት መጣ። በ2015 እንደገና አዲስ ፖሊሲ ጸደቀ፣ 6-2-4 ተመለሰ፣ መጽሐፉ ተቀየረ። ከ1ኛ እስከ 3ኛ ክፍል ልጅ ሳይወድቅ ይለፍ የተባለበትን ዘመንም አትርሱ። ሐሳቡ ክፉ አልነበረም፤ ተከታታይ ምዘና አብሮት ይሄዳል ተብሎ ነበር። ሰባ ልጅ የያዘ መምህር በተከታታይ የሚመዝነው መቼ ነው? ይህን የጠየቀ የለም። ማለፉ ቀረ፣ ምዘናው ግን አልመጣም።

ለውጥ ከመምህሩ ጀርባ ሲሠራ ምን እንደሚያመጣ ታሪካችን ነግሮናል። በ1966 የትምህርት ዘርፍ ግምገማ የሚባለውን ጥናት ተቃውመው መምህራን አደባባይ ወጡ፤ ያ አድማ አብዮቱን ካቀጣጠሉት አንዱ ነበር። ስለዚህ መምህሩን መሳደብ ይቅር። ደመወዙ ወር አያደርሰውም፣ ሙያው ሌላ ያጣ ሰው የሚገባበት ተደርጓል፣ ከዚያ ደግሞ በአገር ውድቀት ይከሰሳል። ጎበዝ መምህር አንደኛ ክፍል ይመደብ፣ የአንደኛ ክፍል መምህር የተሻለ ይከፈለው፣ የልጁ ቁጥር ይቀንስ ብለን መጮህ ያለብን እኛ ነን። አጥርና ቀለም ጥሩ ነው፤ ግን አጥር ማንበብ አያስተምርም።

«ይሄ ከንቅናቄያችን ጋር ምን አገናኘው?» የምትሉ አትጠፉም። ታሪኩን ራሱ ማንበብ የማይችል ልጅ፣ ታሪኩን በሚነግረው ጯሂ ሰው እጅ ይወድቃል። ዛሬ አንዱ ይነዳዋል፣ ነገ ሌላው። እኛም ብንሆን በጭብጨባ ብቻ የሚከተለን ወጣት አንፈልግም። ጦርነት ትምህርት ቤቱን በዘጋበት አካባቢ ያለውማ ጩኸቱን የሚሰማበት ክፍል እንኳ የለውም።

በ1967 በእድገት በሕብረት ዘመቻ ተማሪው ገጠር ወረደ። በ1971 የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ደግሞ ከዩኔስኮ ሽልማት አግኝቷል። የዘመኑን ፖለቲካ ወደደውም ጠላውም፣ ፊደል ያስቆጠረው የእናንተ እኩያ ነበር።

እናም በዚህ ክረምት አንድ ነገር አድርጉ። ከሰፈራችሁ ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ክፍል የጨረሰ ልጅ አስጠሩ፤ የእህታችሁ ልጅም ይሁን፣ የጎረቤት። ገበታውን ሸፍኑና አሥር ፊደል አዘበራርቃችሁ ጻፉለት። ከዚያ አንዲት አጭር ዓረፍተ ነገር። ሁላችሁም የምታውቋትን ግን እንዳለች አትስጡት፣ በቃሉ ይወጣባችኋል፤ በሶውን ለጫላ፣ ጩቤውን ለአበበ አድርጉት። ካነበበ አመስግኑት፣ መጽሐፍ ፈልጉለት። ካላነበበ አትሳቁበት፣ እናቱ ፊትም አታሳጡት። በሳምንት ሦስት ቀን፣ ግማሽ ግማሽ ሰዓት ከጎኑ ተቀመጡ። ዩኒቨርሲቲ እስክትመለሱ ሁለት ወር አላችሁ፤ ለአንድ ልጅ ብዙ ነው። ከቻላችሁ የሰፈሩን ትምህርት ቤት መምህር አማክሩ፤ የትኛው ልጅ እንደተቸገረ ከማንም በላይ የሚያውቁት እሳቸው ናቸው።

ስንት ልጅ እንደጠየቃችሁና ስንቱ እንዳነበበ ኮሜንት ላይ ጻፉልን፤ የወረዳችሁ ስም ይበቃል። የልጆቹን ስምና ፎቶ ግን አትለጥፉ።