ስለ ኳስ አከፋፋዮች ደረጃና ስለ ዋጋቸው

ኤን ቢ ኤ የተባለው የሰሜን አሜሪካ የቅርጫት ኳስ ማኅበር ውድድሩን የሚከፍተው አብዛኛውን ጊዜ በኦክቶበር ወር ነው። ውድድሩ ከመከፈቱ ከሳምንታት በፊት ግን አንድ ሌላ ክርክር አስቀድሞ ይከፈታል። ይኸውም «ከኳስ አከፋፋዮቹ መካከል አንደኛው ማነው? ሁለተኛውና ሦስተኛውስ?» የሚለው ነው። ለጨዋታ ወዳጅ ብቻ ቢሆን ኖሮ ነገሩ የሻይ ቤት ወግ ሆኖ በቀረ ነበር። ዳሩ ግን በዚያ አገር ይህን ደረጃ ማውጣት ገንዘብ የሚገኝበትና ገንዘብ የሚጠፋበት ጉዳይ ከሆነ ከዐሥር ዓመት በላይ አልፏል።

ይህን አሳብ ያነሣሣብኝ ባንድ ክፍል አብረን ተምረን ዛሬ በቨርጂንያ ግዛት የሚኖር አንድ ባልንጀራዬ ነው። በ2025 ውድድሩ ሊከፈት ጥቂት ቀናት ሲቀሩት የዐሥር ኳስ አከፋፋዮችን ስም በተራ ጽፎ ላከልኝና «አንተ ቍጥር ታውቃለህ፤ እስቲ ተራውን አርምልኝ» አለኝ። (ዓመቶቹንና ወሮቹን ሁሉ አንባቢ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ይረዳልኝ።) ዝርዝሩን መረመርኩት። በስሞቹ ተራ ላይ ይህን ያህል የሚያጣላ ነገር አላገኘሁም። ስሕተቱ ዝርዝሩ በሙሉ ለሌላ ዓይነት ጨዋታ የተሠራ መሆኑ ነበር።

ፋንታሲ የሚባለውን ጨዋታ ያገራችን ተማሪዎች በእንግሊዝ እግር ኳስ በኩል በደንብ ያውቁታል። ተጫዋቹ በ100 ሚሊዮን የሐሳብ ፓውንድ 15 ሰዎች ይገዛል፤ የገዛቸውም ሰዎች በሜዳ ላይ በሠሩት ሥራ ልክ ነጥብ ያስገኙለታል። ቡድኑ ዓመቱን ሙሉ የራሱ ስለ ሆነ፥ በየሳምንቱ ጥቂት ይለዋውጣል እንጂ አፍርሶ እንደገና አይሠራም። አሜሪካውያንም አስቀድመው የለመዱት ይህንኑ የዓመቱን ጨዋታ ነበር። ኋላ ግን በ2009 የተቋቋመው ፋንዱኤልና በ2012 የተቋቋመው ድራፍትኪንግስ ባንድ ምሽት ተጀምሮ በዚያው ምሽት የሚያልቀውን የዕለት ፋንታሲ አስፋፉ። በድራፍትኪንግስ ደንብ ተወዳዳሪው 50,000 የሐሳብ ዶላር ይሰጠውና 8 ተጫዋቾች ይመርጣል። እያንዳንዱም ተጫዋች ድርጅቱ ለዚያ ዕለት የቈረጠለት ዋጋ አለው፤ ታላላቆቹ ከ10,000 ዶላር በላይ ሲጠሩ፥ ከተጠባባቂው ወንበር እምብዛም የማይነሡት በ3,000 አካባቢ ይገኛሉ። ዶላሩ የሐሳብ ነው ብያለሁ፤ የመግቢያው ክፍያ ግን እውነተኛ ገንዘብ ነው።

እንግዲህ ኳስ አከፋፋይ ያልነው ሰው፥ እነሱ ፖይንት ጋርድ የሚሉት፥ ኳሱን ከራሱ ወገን እየነዳ የሚያወጣውና ማን መቼ እንደሚወረውር የሚወስነው ነው። ረጅሙ ሰው ከቅርጫቱ ሥር ቆሞ ኳስ እስኪደርሰው ይጠብቃል፤ የአከፋፋዩ ሥራ ግን ኳሱ ከእጁ ስለሚጀምር በየሌሊቱ የሚያገኘው ነጥብ ከሌሎቹ ይልቅ የሚታመን ነው። የነጥቡም ደንብ ያግዘዋል። በድራፍትኪንግስ አንድ ያገባው ነጥብ 1 ሲቈጠርለት፥ አሲስት፥ ማለት ለጓደኛው አቀብሎ ያስገባው ኳስ፥ አንድ ተኩል ያስገኝለታል። ከቅርጫቱ ነጥሮ የተመለሰውን ኳስ መያዝ አንድ ከሩብ፥ መንጠቅና ማገድ እያንዳንዳቸው 2 ናቸው። በባለ ሦስት ነጥቡ ውርወራ ግማሽ ይጨመርለታል፤ ኳስ ሲያስነጥቅ ደግሞ ግማሽ ይቀነስበታል። በፋንዱኤል ግን መንጠቅና ማገድ 3 ያወጣሉ፤ ኳስ ያስነጠቀውም ሙሉ 1 ነጥብ ይቀነስበታል፤ ለባለ ሦስቱ ውርወራ የሚታከል ነገር የለም።

ይህ የደንብ ልዩነት ትንሽ ቢመስልም ሰውን ከሰው ያራርቃል። በ2024–25 ውድድር ሼይ ጊልጀስ አሌክሳንደር የተባለው የኦክላሆማ ሲቲ ተጫዋች በየጨዋታው በአማካይ 32.7 ነጥብ፥ 5 የተመለሱ ኳሶችና 6.4 አሲስት ነበረው። ትሬይ ያንግ፥ በዚያን ጊዜ የአትላንታ ተጫዋች የነበረው፥ በ24.2 ነጥብና በ11.6 አሲስት ዓመቱን ፈጸመ፤ በአሲስትም ከማኅበሩ ሁሉ አንደኛ ነበር። ነገር ግን በየጨዋታው ወደ አምስት የሚጠጋ ኳስ ያስነጥቃል፤ የሼይ ግማሹ ነው። ሁሉንም በወረቀት ላይ ደምሬ ባየው በድራፍትኪንግስ ደንብ ሼይ 54 ገደማ፥ ያንግ 47 ገደማ ይሆናሉ። በፋንዱኤል ደንብ ሼይ በዚያው በ54 ሲቆም ያንግ ወደ 45 ይወርዳል። ባልንጀራዬ ደረጃውን ሲያወጣ በየትኛው ድርጅት እንደሚጫወት እንኳ አልጻፈልኝም ነበር።

ይህ ግን ቀላሉ ጕድለት ነው። ከባዱን ጕድለት ለማየት የዚያን ዓመት የመጀመሪያዎቹን ዐሥር ቀናት መመልከት ይበቃል።

ውድድሩ ኦክቶበር 21 ቀን 2025 ሲከፈት ሦስት ስመ ጥር ኳስ አከፋፋዮች አስቀድመው ከጨዋታ ውጪ ነበሩ። ኪሪ ኧርቪንግ በማርች ጕልበቱን፥ ዴሚያን ሊላርድ በአፕሪል የተረከዙን ጅማት ተጐድተዋል። ታይሪዝ ሃሊበርተንም በጁን 22 ቀን በፍጻሜው ሰባተኛ ጨዋታ ላይ ያው የተረከዙ ጅማት ተበጠሰበት። ዝርዝር አውጪዎች እነዚህን ሰርዘው፥ ሉካ ዶንቺችንና ሼይን ከላይ አስቀመጡ። ዶንቺች በመክፈቻው ሌሊት 43 ነጥብ፥ በሁለተኛው ጨዋታው 49 አገባ። ሼይም በኦክቶበር 23 በኢንዲያና ላይ፥ ጨዋታው ሁለት ጊዜ ተራዝሞ፥ 55 አገባ። እስከዚህ ድረስ ዝርዝሩ እንደ ነቢይ ነበር። ወዲያው ግን ዶንቺች በጣቱና በእግሩ ጕዳት ምክንያት ለቀናት ከሜዳ ቀረ። ኦክቶበር 29 ትሬይ ያንግ በመጀመሪያው ሩብ ጕልበቱን ተጐድቶ ወጣ። በማግስቱም የሚልዋኪው ታላቅ ሰው ያኒስ አንቴቶኩምፖ በሌለበት ሌሊት፥ ራያን ሮሊንስ የተባለ ወጣት ጎልደን ስቴትን ገጥሞ 32 ነጥብና 8 አሲስት አስመዘገበ። ይህ ወጣት በ2022 በሁለተኛው ዙር 44ኛ ሆኖ የተመረጠ ነው፤ በባልንጀራዬ ዝርዝር ላይ ዐሥረኛ ቀርቶ ሠላሳኛም አይሆንም ነበር።

አንባቢ ልብ ይበል፤ የዶንቺች መጐዳት በዓመቱ ፋንታሲ ለገዛው ሰው የሳምንት ሐዘን ነው። በዕለቱ ፋንታሲ ግን ምንም አይደለም፤ ያልተሰለፈን ሰው ማንም አይገዛውምና። እንዲያውም ዶንቺች ሲቀር ኳሱ ወደ ሌላ ሰው እጅ ይገባል፤ የዚያ ሰው ዋጋ ደግሞ ትናንት በተጠባባቂነቱ የተቈረጠው ዋጋ ነው። የዕለቱ ተጫዋች የሚፈልገው ይህን ሰው ነው። ስለዚህ በዓመቱ ዝርዝር ላይ «ብዙ ጊዜ ይታመማል» ተብሎ ዝቅ የሚደረገው ጐበዝ፥ በዕለቱ ጨዋታ ባለበት ቀን ሁሉ አንደኛ ሊሆን ይችላል።

ዋጋውን በምሳሌ ላስረዳ። 50,000ው ዶላር ለ8 ሰው ሲካፈል ለያንዳንዱ 6,250 ይደርሳል። ልማደኞቹ የሚይዙት ሚዛን ለ1,000 ዶላር ቢያንስ 5 ነጥብ ነው። አንዱ አከፋፋይ 10,500 ቢያወጣ ከ52 ነጥብ በታች ካመጣ ገዢውን አከሰረ ማለት ነው። ሌላው 4,000 አውጥቶ፥ አለቃው ስለ ታመመ ብቻ 34 ደቂቃ ተሰልፎ 32 ነጥብ ቢያመጣ፥ ለሺው 8 ሰጠ። በተጨማሪም ለቀሩት 7 ሰዎች 46,000 ተረፈ፤ ማለት ለያንዳንዳቸው ከ6,500 በላይ። 55 ነጥብ ካመጣው ታላቅ ሰው 32 ያመጣው ትንሽ ሰው የበለጠ ጠቀመ የሚባለው በዚህ ስሌት ነው። ስታቲስቲክስ ስማር መምህራችን አማካይን ብቻ የሚያይ ሰው ወንዝ ሲሻገር ይሰጥማል እያለ ያስቀን ነበር፤ እዚህ ላይ ደግሞ የጀልባውን ኪራይ ሳይጠይቅ ይሳፈራል።

ደግሞ የሼይን ነገር እንይ። ኦክላሆማ ሲቲ በ2024–25 ከ82 ጨዋታ 68ቱን አሸነፈ፤ የብልጫውም አማካይ በየጨዋታው ወደ 13 ነጥብ የሚጠጋ ነበር፥ ይህም በማኅበሩ ታሪክ ከፍተኛው ነው። ለቡድኑ መልካም፥ ለፋንታሲው ገዢ ግን ሥጋት ነው፤ ብልጫው ሲሰፋ አሠልጣኙ በአራተኛው ሩብ ታላቁን ሰው ያስቀምጠዋልና። ሼይ በዚያ ዓመት ምርጥ ተጫዋች ተብሏል፤ ቡድኑም ሻምፒዮን ሆኗል። እኔ ግን ደካማ ቡድን በሚገጥምበት ሌሊት ከፍተኛውን ዋጋ ከፍዬ አልገዛውም። በዚህ ፈንታ በ2024–25 26.1 ነጥብና 9.1 አሲስት የነበረውን የዲትሮይቱን ኬድ ካኒንግሃምን፥ ዋጋው በ1,000 ዶላር እንኳ ዝቅ ካለ እመርጣለሁ። ኬድ ኳስ ማስነጠቅ ያበዛል፥ ግማሽ ነጥብ በሚቀነስበት ደንብ ግን ይቻላል። ሁለት እኩያ ቡድኖች በሚገናኙበት ሌሊት ግን ሼይን የሚያህል የለም። ይህ የግል አስተያየቴ ነው፤ ባልንጀራዬ እስከ ዛሬ አልተቀበለኝም።

አሁን ወደ ገንዘቡ። ከሁሉ ቀላል በሆነው የውድድር ዓይነት ለምሳሌ መቶ ሰው 10 ዶላር ይከፍልና ከፍተኛ ነጥብ ያገኙት 50ዎቹ 18፥ 18 ዶላር ይወስዳሉ። የቀረው 100 ዶላር የድርጅቱ ነው። እንግዲህ ተወዳዳሪው ከመቶው 50 ጊዜ ቢያሸንፍ ይከስራል፤ ገንዘቡን ብቻ ለመመለስ እንኳ ከመቶ 56 ጊዜ ማሸነፍ አለበት። የሚገጥመውም የሻይ ቤት ጓደኛውን አይደለም። በትልልቆቹ ውድድሮች አንድ ሰው እስከ 150 ቡድን ማስገባት ይፈቀድለታል፤ ይህንንም በኮምፒውተር አቀነባብሮ የሚያቀርብ፥ ሥራዬ ብሎ የያዘው ሰው አለ። በ2015 ማኪንዚ የተባለው ያማካሪዎች ድርጅት ስለ ቤዝቦል የዕለት ፋንታሲ ባደረገው ጥናት፥ በውድድሩ ዘመን የመጀመሪያ አጋማሽ ከተገኘው ትርፍ 91 ከመቶውን የወሰዱት 1.3 ከመቶ የሚሆኑት ተጫዋቾች ነበሩ። በዚያው ዓመት በኖቬምበር የኒው ዮርክ ግዛት ዐቃቤ ሕግ ነገሩ ቍማር ነው ብሎ ሁለቱን ድርጅቶች እንዲያቆሙ አዘዘ፤ በ2016 ግን ግዛቱ ራሱ ሕግ አውጥቶ ፈቀደላቸው። ባልንጀራዬ የሚኖርባት ቨርጂንያም በዚያው በ2016 በማርች ወር ከግዛቶች ሁሉ ቀድማ ይህን ጨዋታ በሕግ የደነገገች ናት። ቍማር ነው ወይስ የእውቀት ውድድር የሚለውን ክርክር እዚህ አልከፍተውም፤ በእኔ ግምት እውቀቱ እውነተኛ ነው፥ ነገር ግን ከባልንጀራዬ ይልቅ በእነዚያ 1.3 ከመቶ ሰዎች ዘንድ ይገኛል።

ባልንጀራዬ ደመወዝተኛ ነው፤ የቤት ኪራይ ይከፍላል፥ ለእናቱም ይልካል። በመክፈቻው ወር ስንት እንዳገባና ስንት እንዳጣ ስጠይቀው «አልቈጠርኩትም» አለኝ። የእያንዳንዱን ተጫዋች አሲስት እስከ ዐሥረኛው የሚቈጥር ሰው የራሱን ዶላር አለመቍጠሩ፥ እውነቱን ለመናገር፥ ከዝርዝሩ ይልቅ አሳሰበኝ። ስለዚህ ተራውን ከማረሜ በፊት ሌላ ሠንጠረዥ ላክሁለት፤ ባንድ ወገን የከፈለውን፥ በሌላው ወገን ያገኘውን በየሌሊቱ የሚጽፍበት። እስከ ዲሴምበር ድረስ ሞልቶ መለሰልኝ። ከዚያ ወዲያ የመግቢያውን ክፍያ ከ20 ወደ 3 ዶላር አወረደው።

የተከታዩን ዓመት ዝርዝር ደግሞ ከወዲሁ ጠይቆኛል። የላክሁለት ሦስት ስም ብቻ ነው፤ ሼይ፥ ዶንቺች፥ ኬድ። ከነሱ ቀጥሎ ያለውን መስመር ባዶ ተውኩት። የቡድኖቹ የመነሻ አሰላለፍ የሚታወቀው ጨዋታው ሊጀመር ግማሽ ሰዓት ገደማ ሲቀረው ነው፤ በቨርጂንያ ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል፥ በበጋው የሰዓት አቆጣጠራቸው በአዲስ አበባ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ተኩል መሆኑ ነው። በዚያ ሰዓት የማን ስም እንደሚገባበት እሱ ራሱ ይየው፤ እኔ ተኝቻለሁ።