ጭንቅላቱ የተመታን ሰው ማቀዝቀዝ ያድነዋልን?

የጤነኛ ሰው የገላ ሙቀት ወደ 37 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። ጭንቅላቱ በብርቱ ተመትቶ ራሱን የሳተ ሰው ግን ሙቀቱ በስንት ዲግሪ ይጠበቅ የሚለው ጥያቄ ሐኪሞችን ብዙ ዘመን ሲያከራክር ኖሯል።

ዶክተር ቴምፕል ፌይ የተባሉት የፊላዴልፊያ ሐኪም በ1930ዎቹ መጨረሻ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ኤሮፓ አቆጣጠር ናቸው) አስቀድመው የነቀርሳ ሕመምተኞችን፣ ቀጥለውም ጭንቅላታቸው የተጎዳባቸውን ሰዎች ማቀዝቀዝ ጀመሩ። ሐሳቡ ከንቱ አልነበረም። የተመታ አንጐል ያብጣል፤ የራስ ቅል ደግሞ አጥንት ነውና አይለጠጥም። ስለዚህም እብጠቱ መውጫ አጥቶ አንጐሉን ራሱን ይጨምቀዋል፣ ደምም እንደ ልብ እንዳይደርሰው ያግዳል። ገላ ሲቀዘቅዝ አንጐል የሚፈልገው ኦክሲጅን ያንሳል፤ በራስ ቅል ውስጥ ያለውም ግፊት ይወርዳል። ይህ በመሣሪያ የሚለካ እውነት ነው።

ታዲያ ግፊቱ ከወረደ ሕመምተኛው ዳነ ማለት ነውን? በአሜሪካ 392 ሕመምተኞች በሁለት ተከፍለው አንደኛው ወገን እስከ 33 ዲግሪ እንዲቀዘቅዝ ተደረገ። በ2001 የወጣው ውጤት ከቀዘቀዙት ከመቶ 28፣ ካልቀዘቀዙት ደግሞ ከመቶ 27 እንደ ሞቱ አሳየ። በ2015 የታተመው፣ በ18 አገሮች 387 ሰዎች የተመረመሩበት ጥናት ከዚህም የከፋ ነው። ከስድስት ወር በኋላ በደኅና ሁኔታ የተገኙት ከቀዘቀዙት ከመቶ 26 ያህል ብቻ ሲሆኑ፣ ካልቀዘቀዙት ግን ከመቶ 37 ያህል ነበሩ። ሕክምናው ሳይጎዳ አይቀርም ተብሎ ጥናቱ ከጊዜው በፊት እንዲቆም ተደረገ። «ምናልባት ቶሎ ባለመጀመሩ ይሆናል» የሚሉም ነበሩ። በአውስትራልያና በሌሎች አገሮች ማቀዝቀዙ ገና ከአምቡላንስ ጀምሮ ተሞከረ፤ የ2018ቱ ውጤት በሁለቱም ወገን ከመቶ 49 ያህል ሆነ።

ብርድ ደምን እንዳይረጋ ያደርጋል፣ ለሳንባ ምችም ያጋልጣል፤ በአንድ በኩል የተገኘውን ጥቅም በሌላው በኩል ያስከፍላል። በእኔ አስተያየት ትልቁ ስሕተት የመለኪያውን ቁጥር እንደ ሕመምተኛው መቍጠር ነበር፤ ይህ ደግሞ በሐኪሞች ብቻ የሚደርስ ስሕተት አይደለም።

ይህ ማለት ሙቀት ችላ ይባል ማለት አይደለም። ትኩሳት የያዛቸው የጭንቅላት ጉዳተኞች ካልያዛቸው ይልቅ ለሞት የቀረቡ ናቸው። በመንገድ ላይ ደም እየፈሰሳቸው በብርድ ደርቀው ሐኪም ቤት የሚደርሱትም እንዲሁ ናቸው። ስለዚህ ማቀዝቀዝ ዛሬ ግፊቱ በሌላ መድኃኒት አልወርድ ሲል ብቻ የሚታሰብ ሁኗል። ለሌላው ሕመምተኛ የሚያስፈልገው በመንገድ ላይ ብርድ ልብስ፣ በአልጋው አጠገብ ደግሞ ቴርሞሜትርና ሌሊቱን ሙሉ እየለካች የምትመዘግብ ነርስ ናት።